ዜሮ የተሞላበት ስልክ

የኔሰው ቢቸና ከተማ ውስጥ ኮምፒውተር ያስተምራል። አንድ ክፍል ቤት ተከራይቶ ብቻውን ይኖራል። ባትሪው በደከመ ላፕቶፕ ሁለት ክረምት ደክሞ ሞጣ ላለ አንድ ጤና ጣቢያ የቲቢ ታካሚዎችን የሚመዘግብ ፕሮግራም ሠራ። መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሲኖር ፕሮግራሙ ስሙንና ስልኩን ያወጣል፤ ነርሷ ትደውላለች። ሥራው ይኸው ነው።

ማክሰኞ በእረፍት ሰዓት ሲስተር ሥርጉት ከሞጣ ደወለች።

«ቲቸር፣ ወለተ ሥላሴ የምትባል ታካሚ ሁለት ሳምንት መድኃኒቷን አልወሰደችም ይለኛል ፕሮግራምህ።»

«ደውዪላታ።»

«የት ልደውል? ስልኳ አሥር ዜሮ ነው!»

«ማነው ዜሮ የሞላው?»

«ራስህ ነህ ያልከኝ! ስልክ የሌለው ሰው ስመዘግብ ፕሮግራምህ ድርግም እያለ ሲዘጋብኝ፣ ‹ለጊዜው ዜሮ ሙዪበት› አላልክም? ሠላሳ አራት ሰው ዜሮ ታቅፎ ተቀምጧል። ለመሆኑ ስልክ የሌለው ሰው አይተህ አታውቅም?»

አይቶማ ያውቃል። ጉንደ ወይን ያሉትን የገዛ እናቱን የሚያገኛቸው በጎረቤታቸው በአቶ አካለ ወልድ ስልክ ነው።

ከትምህርት በኋላ ኮዱን ከፈተው። ስህተቱን ለማግኘት አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም፤ ያናደደውም ይኸው ነው። ፕሮግራሙ በተጻፈበት በስዊፍት ቋንቋ፣ ሊኖርም ላይኖርም የሚችል ነገር በጥያቄ ምልክት ይጻፋል። «አለ፣ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ» ያለ ደግሞ ቃለ አጋኖ ያደርግበታል፤ ነገሩ ከሌለ ፕሮግራሙ እዚያው ይወድቃል። የኔሰው አዲስ ታካሚ በሚፈጠርበት ቦታ፣ ስልኩ ላይ፣ ቃለ አጋኖ አድርጓል። ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ዋስ ሆኗል። ዜሮው ደግሞ ባሰ፤ መውደቁ ቢያንስ አንድ ነገር እንደጎደለ ይናገር ነበር፣ ዜሮው ግን ሞልቷል ብሎ ዋሸ።

መብራት ሁለቴ ጠፋበት። ቃለ አጋኖውን አነሳ። ስልክ ከሌለ ቦታው ባዶ ሆኖ ይቀመጣል፤ በምትኩ «በማን በኩል ይገኛሉ?» ተብሎ ይጠየቃል። ሁለቱም ከሌሉ ፕሮግራሙ ሳይዘጋ፣ «መገኛ ሳይኖር አልመዘግብም» ይላል። ሐሙስ የታረመውን ፕሮግራም ላከላት።

«አልተዘጋም» አለች ሥርጉት ደውላ። «አሁን ዜሮውን ስሰርዘው ወለተ ሥላሴ በማን በኩል እንደምትገኝ ይጠይቀኛል።»

«ታዲያ ጻፊዋ።»

«ምን ብዬ? አልጠየቅኋትማ! ቀበሌዋን ብቻ ነው የማውቀው፤ እሱ ደግሞ ከዳር እዳር የግማሽ ቀን መንገድ ነው። ስመዘግባት ፊቴ ተቀምጣ ነበር እኮ።»

ሥርጉት ወዲያው ቀጠለች።

«ለገበያ ከዚያ የሚመጣውን ሰው እያስቆምኩ እጠይቃለሁ።»

«እኔም መጥቼ ላግዝሽ።»

«አንተ ምን ልታደርግ? መልኳን አታውቀውም!» ብላ ዘጋችው።