ያልተነበቡት አምስት

ፎቶ አንሺው ወላጆቹ ያወጡለት ስም ነበረው፤ ግን ከመታወቂያው ላይ በቀር የትም አይገኝም። መንገዱ በሙሉ የሚያውቀው «ጋሽ ቀናበል» ብሎ ነው። ሰው በርጩማው ላይ ባስቀመጠ ቁጥር «ቀና በል… ትንሽ… አዎ፣ እዛው ላይ» እያለ ሠላሳ ዓመት ስለኖረ፣ ቃሉ ዞሮ ስሙ ሆነ። ሴቶቹንም «ቀና በይ» ይላል፤ ቀናበይ ብሎ የጠራው ግን የለም።

ተጠራጣሪ ሰው ነበር። ሬዲዮው «ዛሬ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው» ሲል እጁን በመስኮት አውጥቶ ያረጋግጣል። መስታወቱ ሥር ያለውን ማበጠሪያ በሲባጎ ከሚስማር ጋር አስሮታል። ባለቤቱ፣ «የጋብቻ ወረቀታችንን ሁለቴ አንብቦ፣ እኔን ደግሞ አንዴ ቀና ብሎ አይቶ ነው የፈረመው» እያለች ትስቅበታለች።

ፎቶ ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት አግዳሚው፣ መስታወቱና ግራጫ ቀለም የተቀባው መጋረጃ፤ ከኋላ ጨለማ ክፍሉ፣ ቀይ አምፖሉ፣ የማጠቢያ ሳህኖቹ፣ እስከ ጣሪያ የተደረደሩ የጫማ ካርቶኖች። ያነሳው ሰው ሁሉ ኔጋቲቩ በትንሽ ፖስታ ታሽጎ፣ ቁጥር ተጽፎበት በካርቶኖቹ ውስጥ አለ። የትኛው ቁጥር የማን እንደሆነና ባለቤቱ የት እንደሚኖር ደግሞ በደብተር ይይዛል። አንዱንም ጥሎ አያውቅም።

ከግድግዳው ወዲያ ያለው ሱቅ የልብስ ሰፊዋ ነው። ባሏ ከሞተ ቆይቷል፤ አንድ ወንድ ልጅ አላት፣ ወታደር። ግድግዳው ስስ ስለሆነ የስፌት መኪናዋ ሲሄድም ሲቆምም ፎቶ አንሺው ይሰማዋል። አሥራ ስምንት ዓመት ጎን ለጎን ሲሠሩ አንድ ጊዜ እንኳ ክፉ ቃል አልተለዋወጡም።

ከተማው ዳር ያለው ጦር ሰፈር አንድ ሻለቃ ጦር ወደ ባሕር ማዶ፣ ሌሎች ሰዎች ወደሚዋጉበት አገር እንዲልክ የታዘዘ ጊዜ፣ ወታደሮቹ ለመታወቂያ የሚሆን ጉርድ ፎቶ ሊነሱ በየተራ ወደ ጋሽ ቀናበል መጡ። የልብስ ሰፊዋ ልጅም መጣ። የአንገቱ ቁልፍ ተበጥሶ ስለነበር እናቱ መርፌዋን ይዛ ከጎረቤት ሮጠች፤ በርጩማው ላይ እንደተቀመጠ ከአገጩ ሥር ገብታ ሰፋችለት። «እስትንፋስህን ያዝ፣ እንዳልወጋህ» ስትለው ልጁ ሳቁ ስላመለጠው የመጀመሪያው ፎቶ ተበላሸ።

ከአራት ወር በኋላ፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት፣ ሬዲዮው ተሽከርካሪዎቻችን አድፍጦ በነበረ ጠላት ተመቱ አለ። ዘጠኝ ወታደሮች ሞቱ። ስማቸው ተነበበ። ከተማው በአንዴ ጸጥ አለ፤ አውቶቡሶች ባሉበት ቆሙ፣ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ አደባባዩ ላይ የዘጠኙ ፎቶ ጥቁር ሪባን ታስሮበት ተደረደረ፣ ሥሩ አበባ ተከመረ። ፎቶዎቹን ያሳደገው ጋሽ ቀናበል ነበር። ቤተሰቦቻቸው ቀልተው ባበጡ ዓይኖች እየመጡ «ትልቅ አድርግልኝ» አሉት፤ እሱም አደረገላቸው።

ለቅሶው ሳይደርቅ ክርክሩ ጀመረ። ክርክሩ የሞቀው ፀጉር ቤት ነው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በመሳያው ቆዳ ላይ እየሳለ፣ «የሰው አገር ጠብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረጋቸው? እስቲ አንድ ሰው ያስረዳኝ» አለ።

ጡረታ የወጣው ሃምሳ አለቃ ፊቱ አረፋ እንደተቀባ መለሰለት። «አገር ቃል ከገባ ቃሉን ይጠብቃል። እንደ ደንበኛህ ቀጠሮ አይደለም፣ ዝናብ ሲመጣ የሚቀር።»

«ቃሉን የገቡት ሌሎች፣ የሞቱት ሌሎች።»

ልብስ ሰፊዋ አንድ ሱሪ ልታደርስ ገብታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የኔ ልጅ የሄደው ሰው ሊያድን ነው» አለች። «በከንቱ ነው የሄደው የሚል ካለ፣ መቀሴ ስለት አላት።» ሁሉም ሳቁ፤ እሷ ግን አልሳቀችም።

እቤቷ ግን ሌላ ነገር ነበራት። ከጥቃቱ በፊት ልጇ የጻፈው ደብዳቤ ደርሷት፣ መነጽሯ ተሰብሮባት ስለነበር፣ ጋሽ ቀናበል አንብቦላታል። ልጁ ውሃ በቀን አንድ ኮዳ ብቻ እንደሚሰጣቸው፣ መኪኖቹ እንዳረጁ፣ አለቆቹ «ይህን አትጻፉ» እንዳሏቸው ጽፎ ነበር። ሁለቱም ለማንም አልነገሩም። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤ አልመጣም።

ዘጠኙ ከተነበቡ ሁለት ሳምንት ሲሆን አንድ ሰው ወደ ፎቶ ቤቱ ገባ። የሲቪል ልብስ ለብሷል፤ የቆዳ ቦርሳ ይዟል፤ አቋቋሙ ግን የወታደር ነው። ከቦርሳው አንድ ወረቀት አወጣ። ጋሽ ቀናበል በየፎቶው ጀርባ ከሚጽፋቸው ቁጥሮች አምስቱ አሉበት፣ ስም የለበትም።

«እነዚህን አሳድግልን። ልክ እንደ ዘጠኙ መጠን። ለማንም አይታይም፣ ለማንም አይወራም።»

«ምን ሆነው ነው?» አለ ጋሽ ቀናበል።

«ለመዝገብ ነው።»

«መዝገብ ትንሽ ፎቶ ነው የሚወደው፣ ጌታዬ። ይሄ ግድግዳ የሚወደው መጠን ነው።»

ባለ ቦርሳው ሰው ትንሽ አየው። «ነገ ከሰዓት እመጣለሁ» ብሎ ወጣ።

ጋሽ ቀናበል ወደ ጨለማ ክፍሉ ገብቶ አምስቱን ፖስታ አወጣ። ወረቀቱን ሳህኑ ውስጥ ሲያስገባ ፊቶቹ እንደ ወትሮው ከነጩ ውስጥ ቀስ እያሉ ብቅ አሉ፤ መጀመሪያ ፀጉር፣ ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ አንገት። የመጀመሪያዎቹን ሦስት አላስታወሳቸውም። አራተኛው ሳቁን ለመያዝ ከንፈሩን የነከሰ ልጅ ነው። ከግድግዳው ወዲያ የእናቱ የስፌት መኪና ይሄዳል።

ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገውም፤ ግን አሰበ። ዘጠኝ ብለው አሥራ አራት ናቸው ማለት ነው? ወይስ ወሬ ያወጣ እንደሆን እሱን እየፈተኑት ነው? ለባለቤቱ እንኳ ሁለት ቀን ሳይነግራት ቆየ። ከነገራትም በኋላ «ለማንም አልነገርሽም?» እያለ ደጋግሞ ስለጠየቃት፣ «ቆይ፣ እኔንም በፖስታ ታሽገኛለህ?» አለችው።

ፎቶዎቹን ለሰውየው በቀጠሮው ከሰዓት አስረክቧል። ሳይነግረው ግን ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ትርፍ አትሞ ካርቶን ውስጥ ደብቆ ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ልብስ ሰፊዋን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። በሯ ላይ ካገኛት ሳል እንደያዘው ሰው አፉን በመሐረብ ይሸፍናል። መንገዱ ደግሞ ዓይን አለው። ባለ ቦርሳው ሰው ሁለት ጊዜ ሲገባና ሲወጣ ታይቷል። ጋሽ ቀናበል ፀጉር ቤት ሲገባ ወሬ ይቋረጥ ጀመር። አንድ ቀን ፀጉር አስተካካዩ አንገቱ ላይ ፎጣ እያሰረ፣ «ጋሼ፣ አዲስ ወዳጅ አበጀህ አሉ» አለው።

«ደንበኛ ነው።»

«ፎቶ ሲነሳ ግን አላየነውም።»

ሃምሳ አለቃው እንኳ ጋዜጣውን አጥፎ ተነሥቶ ወጣ። ጆሮ ጠቢ ተደረገ ማለት ነው፤ ገባው። ማስተባበል ደግሞ አይችልም።

በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ፎቶ ቤቱ ገባች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ሳል ይዞሃል?»

«አልያዘኝም።»

«ታዲያ እኔን ስታይ ብቻ ለምን ያስልሃል?»

መሐረቡን ወደ ኪሱ ከተተ። እሷ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ያን ደብዳቤ ከአንተ በቀር ያነበበው የለም» አለች። «አንተ አነበብከው፣ ሰውየው መጣ፣ የልጄ ደብዳቤ ቀረ። እኔ ሞኝ ነኝ፣ ግን እስከ ሦስት መቁጠር እችላለሁ። ልጄን አሳልፈህ ሰጠኸው ወይስ አልሰጠኸውም? እሱን ብቻ ንገረኝ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም።»

ይህን አልጠበቀም። እሱ እሷን እየሸሸ የነበረው እንዳያስለቅሳት ነው፤ እሷ ደግሞ በእነዚያው ቀናት የእሱን ክህደት እየገመደች ነበር። ጨለማ ክፍሉ ገብቶ ፎቶውን ይዞ ወጣና በሁለት እጁ ሰጣት።

«አምስት አሳድግ ብለው አዘዙኝ። አንዱ እሱ ነው።»

አየችው። «ለምን?»

«አልነገሩኝም።»

«መጠኑ ያደባባዩ ነው።»

«አዎ።»

«ሞቷል በለኛ።»

«አላውቅም፣ እህቴ። አላውቅም ስልሽ የማውቀውን እየደበቅኩሽ አይደለም። ያለኝ ይሄ ወረቀት ብቻ ነው።»

አልጮኸችም። ፎቶውን ደረቷ ላይ አስደግፋ ወጣች። ያን ቀን ከግድግዳው ወዲያ መኪናው አልሄደም። በማግሥቱም አልሄደም።

አራት ቀን ሰው እየገባ አጽናናት። ፀጉር አስተካካዩም ሃምሳ አለቃውም ጎን ለጎን ተቀመጡ፤ ግን ሳይከራከሩ መቀመጥ አልቻሉም። «ካልተነገረ አልሞተም ማለት ነው፣ ሠራዊት ሥርዓት አለው» አለ አንዱ። «ካልተነገረ ደብቀውታል ማለት ነው፣ መንግሥትም ሥርዓት አለው» አለ ሌላው። ድምፃቸው ከፍ እያለ ሲሄድ ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። «ሁለታችሁም ውጡና ውጭ ተከራከሩ። እዚህ የምትከራከሩበት የኔ ልጅ ነው።»

በአምስተኛው ቀን ጠዋት ጥቁሯን ለብሳ፣ ፎቶውን ይዛ መጣች። «አራቱ እነማን ናቸው?» አለችው።

ጋሽ ቀናበል ደብተሩን ገለጠ። ሱቁን ዘግቶ ከእሷ ጋር አራቱንም ቤት ዞሩ። አንደኛው ቤት በሩን ዘጉባቸው፤ «እናንተ ማን ልኳችሁ ነው?» አሉ። በኋላ ግን እነሱም ተከትለው መጡ። የመጨረሻው ቤት የአንድ ግንበኛ ነበር፤ ስሚንቶ በነካው እጁ የልጁን ፎቶ ተቀበለና ጥግ ጥጉን ብቻ ይዞ ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ጫማውን አደረገ።

አምስት ቤተሰብ ጦር ሰፈሩ በር ላይ ፎቶ ይዞ ቆመ። ዘበኛው እንዲሄዱ አዘዛቸው፣ ለመናቸው፣ ከዚያ ስልክ ደወለ። ባለ ቦርሳው ሰው ወጣ። ከሰዉ መሀል መጀመሪያ ያየው ፎቶ አንሺውን ነው።

«አንተን አምነን ነበር» አለው።

«እኔ ደግሞ አላመንኳችሁም» አለ ጋሽ ቀናበል።

ሦስት ቀን ቆሙ። በሁለተኛው ቀን ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ በሦስተኛው ሃምሳ አለቃው ሜዳሊያዎቹን አድርጎ መጣ። ጋዜጠኞች ሲመጡ አንድ ኮሎኔል ወጥቶ ወረቀት አነበበ። ከአምስቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ ማንነታቸው እስኪረጋገጥ ነው ያልተነገረው። አንዱ እግሩን አጥቶ፣ ራሱን ስቶ፣ የአንገቱ የስም ምልክት ጠፍቶ ባሕር ማዶ ሆስፒታል የተኛ ሳይሆን አልቀረም። ሁለቱ የደረሱበት አይታወቅም። ፎቶዎቹ ያደጉትም እዚያ ተልከው ሰዎቹን ለመለየት ነው።

ራሱን የሳተው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነበር። ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ጎኗ የቆመችው የሟች እናት አቀፈቻት፤ ማን ማንን እንደሚያጽናና አልታወቀም።

ጋሽ ቀናበል ለመለየት ነው የተባለውን በግማሽ ነው ያመነው። ለመለየት ከሆነ ስለምን «እንደ ዘጠኙ» አሉት? ቤተሰቦቹ በሩ ላይ ባይቆሙስ ይናገሩ ነበር? አንድ ከሰዓት ሙሉ ጠርተው ትርፍ ፎቶ ለምን እንዳተመ ጠየቁት፤ «ልማዴ ነው» አለ። የጦር ሰፈሩ ሥራ ወደ ሌላ ፎቶ ቤት ሄደ።

ልጁ ከአምስት ወር በኋላ በክራንች ተደግፎ መጣ። መንገዱ በሙሉ ወጥቶ ተቀበለው። ልብስ ሰፊዋ ግን ለፎቶ አንሺው ሰላምታ አትሰጠውም። «በሕይወት ያለ ልጄን አራት ቀን አስለቅሶኛል» ትላለች ለጠየቃት። ልጁ ራሱ አንድ ቀን ገብቶ አግዳሚው ላይ እግሩን አሳርፎ፣ «ጋሼ፣ እናቴ ያን ፎቶ ባትይዝ ኖሮ እኔ እስከዛሬ ባልጋ ቁጥር ነበር የምጠራው። እነግራታለሁ፣ እንቢ ትላለች» አለው። ፎቶ አንሺውም፣ «ተዋት፣ እውነቷን ነው» አለ። ከክረምቱ በኋላ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ ገብታ ክርኑ ላይ የተቀደደውን የፎቶ አንሺውን ሹራብ ከወንበሩ ላይ አንሥታ ሄደች፤ ማታ ጠግና መለሰችው። በማግሥቱ ሰላምታ ሰጠችው።

የደረሱበት ካልታወቀው ሁለቱ አንዱ ምርኮኛ ሆኖ ተገኘ። የግንበኛው ልጅ ግን አልተገኘም፤ ሞተም አልተባለ፣ አለም አልተባለ። ክርክሩ በሬዲዮም በፀጉር ቤትም እየበረደ ሄደ፤ የአደባባዩ አበባ ተጠረገ። ግንበኛው በየወሩ መጀመሪያ ሥራ ሲፈታ ፎቶ ቤቱ መጥቶ ይቀመጣል።

«ሌላ ትእዛዝ አልመጣም?»

«አልመጣም።»

ይህን ሲሰማ የጨለማ ክፍሉን በር ያያል። አንድ ቀን ጋሽ ቀናበል አስነሥቶ ወደ ውስጥ አስገባው፤ ሳህኖቹንና አምፖሉን አሳየው፤ ካርቶኖቹንም አንድ በአንድ ከፈተለት። ግንበኛው ፖስታዎቹን በጣቱ እየገፋ ቁጥሮቹን አየ፤ አመስግኖ ሄደ።

በሚቀጥለው ወር ተመልሶ መጣ። አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ያን ቀን ያሳየኸኝ ክፍል» አለ፣ «ሌላ በር የለውም?»

ጋሽ ቀናበል አልተቀየመውም። እሱም ቢሆን ይህንኑ ይጠይቅ ነበር። ተነሣና መብራቱን አብርቶ ግድግዳውን ከጥግ እስከ ጥግ በእጁ እንዲዳስስ ፈቀደለት።