በዕጣ የወጡት ቤቶች

ይህን እስከዚህ ሳምንት ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ጨዋታ ለምወደው ለእኔ ዝምታ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ?

ከስድስት ዓመት በፊት ነው። አንድ ወጣት ተመራማሪ ከሶዶ መጥቶ፣ ከጠበላ ከተማ ወጣ ባለችው ቀበሌያችን ተቅማጥ ልጆች ላይ ለምን እንደሚመላለስ ሲያጠና መረጃ ሰብሳቢ አድርጎ ያዘኝ። የታመሙትን ልጆች ከጤና ጣቢያ አገኘናቸው። ጭንቁ ከየትኞቹ ጤነኛ ልጆች ጋር እናወዳድራቸው የሚለው ነበር።

«ከጎረቤት እንውሰዳ!» አልኩት።

«ጎረቤታሞች የሚቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው። የሁሉም ውኃ አንድ ከሆነ፣ ጥፋቱ የውኃው መሆኑን በምን እናውቃለን?» አለኝ። ስለዚህ ጤነኞቹን ከመላው ቀበሌ በዕጣ አወጣን።

አልገባኝም ነበር አልልም። ገብቶኛል።

በዕጣ የወጡት ቤቶች ግን አብዛኞቹ ዳገቱ ላይ፣ ቧንቧ ያለበት ሰፈር ነበሩ። እኔ ምን አደረግሁ? ምንጩ ዳር ተቀመጥኩ። ጀሪካን ይዘው ወረፋ ለሚጠብቁት ሴቶች ተረት እያወራሁ ቅጹን ሞላሁ። የዳገቱን ቤት ቁጥር ጻፍኩ፤ ከሥሩ የምንጩን ሴት መልስ አሰፈርኩ። እኔ ነኝ ያሰፈርኩት፤ ማንም አላስገደደኝም። ጎረቤቴ አልማዝ «አንቺ፣ ወሬ ሥራ ሆነልሽ!» ብላ ስትቀልድብኝ አብሬያት ሳቅሁ። የእሷንም ልጅ «ጤነኛ» ብዬ መዘገብኩ።

ውጤቱ ሲመጣ የታመሙትም ያልታመሙትም የሚጠጡት አንድ ውኃ ሆነ። ምንጩ ነጻ ወጣ፤ ክፍቱንም ቀረ። ያቺ የአልማዝ ልጅ ከዚያ ወዲህ በተቅማጥ ሁለቴ ግሉኮስ ተሰክቶላታል። ዳገቱ ታክቶኝ ነው? ጨዋታው ጣፍጦኝ ነው? ሁለቱም ነው።

ሰኞ ዕለት፣ ወረዳው አጥሮና ከድኖ ከሚያጎለብታቸው ምንጮች ዝርዝር የእኛን ሊሰርዝ መሆኑን ሰማሁ። ማስረጃው ያ ጥናት ነው። ለተመራማሪው ደወልኩና ሁሉንም ነገርኩት።

«እትዬ፣ ጥናቱ እንዳይታመን ዛሬውኑ ለወረዳው እጽፋለሁ። እንደገና ስንጀምር ዳገቱን ይወጣሉ?» አለኝ።

«በእግሬ!» አልኩት። ደብዳቤው ገብቷል፤ ምንጫችንም እስከዛሬ አልተሰረዘም።

ለአልማዝም ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ይቅር የምልሽ ልጄ ንጹሕ ውኃ የጠጣች ቀን ነው» አለችኝ።

ልክ ናት። እናንተም ከእሷ ቀድማችሁ ይቅር እንዳትሉኝ።