ጠላቂዋ ያልጠለቀች ቀን

ይህ የሆነው በሰባ ሰባቱ ድርቅ፣ ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ባለው መንደራችን ነው። ያን ጊዜ የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ልጆቼ "ኧረ እርሺው" ይሉኛል። አልረሳውም፤ መርሳትም አልፈልግም።

አባቴ ሞቶ ከእናቴ ጋር ሁለት ቀርተናል። እናቴ እግሯ አብጦ ከቤት አትወጣም። ያለችን አንዲት ላም ናት። ከመንደሩ በታች ካለው ረግረግ እየገባሁ ቄጠማ አጭድላታለሁ፤ ሌላ አረንጓዴ ነገር በአገሩ አልነበረም።

ውሃው መሐል አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረች። ከቄብ ዶሮ ታንሳለች፣ ጭራ ቢሏት የላትም። እኛ ጠላቂዋ እንላታለን። ሰው ሲቀርባት ውሃ ውስጥ ጥልቅ ብላ ሌላ ቦታ ብቅ ትላለች። እኔን ግን በየቀኑ ስታየኝ ከርማ ለምዳኛለች። አጠገቧ ሳጭድ ሥራዋን ትሠራለች።

አንድ ቀን "እህል ይታደላል፣ ኑ" ተባለ። ከመንደሩ ሰው ጋር ሄድኩ። እህል የለም፤ መኪና ቆሟል። ጉልበት ያለውን እየለዩ ለሰፈራ መጫን ጀመሩ። እኔ ከተጫንኩ እናቴን ውሃ የሚያቀብላት የለም። እግሬ አውጭኝ ብዬ ሮጥኩ። አንድ ካድሬና የመንደራችን ሚሊሻ ተከተሉኝ።

ረግረጉ ውስጥ እስከ አንገቴ ገብቼ ቄጠማውን ራሴ ላይ ደፋሁት። ጠላቂዋ ከአጠገቤ ትንሳፈፋለች። በሆዴ "በአላህ ይዤሻለሁ፣ እንዳትጠልቂ" እላታለሁ።

ሁለቱ ከላይ ዳገቱ ላይ ቆሙ። "ግባና ፈልግ" አለ ካድሬው።

ሚሊሻው ወደ ወፏ አየት አደረገ። "ጓድ፣ ይች ወፍ ሰው ካለበት አትቆምም። ልጅቷ እዚህ ብትኖር ገና ድሮ ጠልቃ ነበር። ወደ ገደሉ ሳትወርድ አትቀርም።"

ልክ ነው፤ አገር የሚያውቀውን ተናገረ። እኔና ወፏ መተዋወቃችንን ግን አላወቀም። ጥለውኝ ሄዱ።

ሲመሽ እየተንቀጠቀጥኩ ቤት ገባሁ። እናቴ "እህሉስ?" አለችኝ።

"ቀረብን፣ እማ" አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ኖረች። የሞተችው በገዛ ቤቷ፣ እጄን ይዛ ነው። ማንም አልነጠቀኝም።

አሁን ደግሞ ረግረጉን አድርቀን እንረሰው የሚሉ ተነስተዋል። በየስብሰባው እየተነሳሁ "እኔ ቆሜ አይሆንም" እላለሁ። "ለወፍ ብለሽ ነው?" ብለው ይስቁብኛል። አዎ፣ ለወፍ ብዬ ነው።

የዛሬዎቹ ጠላቂዎች አያውቁኝም። ገና ከሩቅ ሲያዩኝ ጥልቅ ይላሉ። ይጥለቁ። የሚጠልቁበትን ውሃ ግን ማንም አይነካውም።