ሐይቅ ላይ የሚያመው ጀልባ ነጂ

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ጀልባዋ ያለችው ውሃ ላይ ሳይሆን መሬት ላይ ነበር። ኦሞራቴ፣ ከኦሞ ወንዝ ዳር፣ አንድ ግራር ሥር ተገልብጣ አገኘኋት። ጥላዋ ውስጥ ሁለት ፍየሎች ተኝተዋል። በእጄ የያዝኩት ደብዳቤ «የሞተር ጀልባ ኦፕሬተር ሆነው ለስድስት ወር በሙከራ ተመድበዋል» ይላል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ ጀልባ በዓይኔ አይቼ አላውቅም ነበር።

ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ጂንካ ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት የጭነት መኪና ረዳት ነበርኩ። አንድ ጠዋት የስምሪት ኃላፊያችን አቶ ደምሴ ጋራዡ በር ላይ ቆመው ዋና የሚችል ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁ። እጄን አነሳሁ። ያደግኩት ነሪ ወንዝ ውስጥ እየተንቦራጨቅኩ ነው። ነሪ ደግሞ ዝናብ ካልጣለ ከጉልበት አያልፍም፤ ይህን ጋራዡ በሙሉ ያውቃል። ሌላ የሚያነሳ ስለጠፋ ግን ተመደብኩ። ሾፌሮቹ ለአንድ ሳምንት «ካፒቴን» እያሉ ቀለዱብኝ፤ እናቴ በቋንቋችን በአሪኛ ረጅም ጸሎት አድርሳ ሸኘችኝ።

የጀልባዋ ጥበቃ ጋሽ ሎኮሮ የሚባሉ የዳሰነች ሽማግሌ ነበሩ። በወረቀት ጥበቃ ይባሉ እንጂ አስተማሪዬ እሳቸው ናቸው። ወንዙ የት አሸዋ እንዳጠራቀመ፣ አዞ የት እንደሚተኛ፣ ግንድ የት እንደተቀበረ ያውቃሉ። ሞተሩን ደግሞ ከኦሞራቴ መካኒክ ተማርኩ። ቤንዚኑን ከዘይት ጋር መቀላቀል፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ፕሮፔለሩ ግንድ ሲመታ የሚሰበረውን ፒን መቀየር ለመደብኝ። በአራተኛው ወር ወንዙ ላይ ጎበዝ ነኝ ብዬ ማመን ጀምሬ ነበር። ወንዙ ቡናማ ነው፣ ከባድ ነው፣ ግን እንደ በሬ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው።

በአምስተኛው ወር ከሐይቁ ደሴቶች በአንዱ ላይ ያለች መንደር ኩፍኝ ገባባት የሚል ወሬ መጣ። ያቺ መንደር ወንዙ ቱርካና ሐይቅን ከሚቀላቀልበት አልፋ፣ ግልጥ ያለውን ውሃ ተሻግራ ነው ያለችው። ከጂንካ ሲስተር አስቴር የምትባል ነርስ ክትባቱን በበረዶ ሳጥን ይዛ ወረደች። በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም፤ በቁጣ ግን ትበልጠኛለች። በረዶው ቢበዛ እስከ ነገ ወዲያ ጠዋት እንደሚቆይ፣ ከዚያ በኋላ ክትባቱ ውሃ ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። ሌላ ሳጥን ከጂንካ እስኪመጣ ደግሞ ያን ጊዜ በነበረው መንገድ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም። አቶ ደምሴ በመገናኛ ሬዲዮ ጠርተውኝ «ይህን ጉዞ አድርሰህ ከመለስክ ቋሚ ትሆናለህ፤ ካቃተህ ጋራዡ ይጠብቅሃል» አሉኝ።

ዝግጅቱን ሁሉ እኔ መራሁት። ያዘጋጀሁት ግን እንደ መኪና ረዳት ነው። እኛ አገር ተሳፋሪ በመንገድ እንዳያስመልሰው ሳይበላ ይሳፈራል፣ ሎሚ ያሸታል፣ ፌስታል ይይዛል። መኪናውም ፀሐይ ሳይበረታ ገና በማለዳ ይነሳል። እኔም ሎሚ ገዛሁ፣ ፌስታል ቆጥሬ አደልኩ፣ ለአስቴርም ቁርስ እንዳይቀምሱ ብዬ አስጠነቀቅኩ። ከባዶቹን የቤንዚን ጀሪካኖች ጋቢናው አጠገብ እንደምንጭነው ሁሉ ወደ ፊት ደረደርኩ። የክትባቱን ሳጥን ውሃ እንዳይነካው ብዬ ከጭነቱ ሁሉ በላይ አስቀምጬ፣ በጭነት መኪና ቋጠሮ አሰርኩት። ሥራዬን አይቼ ራሴን አደነቅኩ።

ጋሽ ሎኮሮ ጭነቱን ዞረው አዩ። የሚወዛወዘውን ሳጥን በጣታቸው ነካ አደረጉት።

«ጧት ሐይቅ ይቆጣል» አሉኝ። «ከብት ውሃ ጠጥቶ ሲመለስ ሐይቅም ይተኛል። በዚያ ሰዓት እንሻገር።»

«ጋሽ ሎኮሮ፣ መንገድ በማለዳ ነው» አልኳቸው። በረዶውም እየቀለጠ እንደሆነ አስረዳሁ። እሳቸውም አልተከራከሩኝም፤ የተቆላ ማሽላ የሞላች ቅላቸውን አንጠልጥለው ጀልባዋ ውስጥ ገቡ። ዛሬ ሳስበው ያ ዝምታቸው ከስድብ በላይ ያሳፍረኛል። ሽማግሌው ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩትን ነገር በአምስት ወር ሙያ ዝም አሰኘሁ።

ወንዙን በሰላም ወረድን። ቡናማው ውሃ አልቆ አረንጓዴው ሲጀምር ነፋሱ ከፊታችን መጣ። ማዕበል የሚባለውን ነገር ያን ጊዜ አየሁ። ወደ ፊት የደረደርኳቸው ጀሪካኖች አፍንጫዋን ስለተጫኑባት ጀልባዋ ማዕበሉን መውጣት ትታ ውስጡ ትቀበር ጀመር። አስቴር ሎሚዋን ጥላ ፌስታሉን ያዘች። ሆዷ ባዶ ስለነበረ የሚወጣው ሐሞት ብቻ ነው።

ከዚያ የእኔ ተራ ደረሰ። መጀመሪያ አፌ ምራቅ ሞላ፣ ከዚያ ግንባሬን ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀው። ጀልባ ነጂ ያስመልሰዋል ማለት ለእኔ ከጋራዡ ሰዎች ፊት ራቁቴን መቆም ማለት ነበር። ስለዚህ ፕሮፔለሩን የማይ መስዬ ወደ ኋላ ጎንበስ አልኩና በድብቅ አስመለስኩ። ጎንበስ ስል ጀልባዋን የምመራበት የሞተሩ እጀታ ከእጄ ላላ። ጀልባዋ ዞራ ጎኗን ለማዕበሉ ሰጠች።

ውሃው በጎን ገባ። ሳጥኑ ከነቋጠሮው ከላይ ተንሸራቶ ወረደ። ጋሽ ሎኮሮ ዘለው በደረታቸው ተኙበት፤ አስቴር ፌስታሏን እንደያዘች ሳጥኑን በሁለት እግሯ ቆለፈችው። እኔ እጀታውን መልሼ ያዝኩ። ሽማግሌው ከተኙበት ሳይነሱ በክንዳቸው ዳር ላይ ወደበቀለው ደንገል አመለከቱኝ። ጀልባዋን ደንገሉ ውስጥ ሰንቅሬ ሞተሩን አጠፋሁ።

መጀመሪያ ያልኩት «ወደ ኦሞራቴ እንመለስ» ነው። አስቴር ሳጥኑን ዞራ አየችው። ክዳኑ አልተነቃነቀም። ልክፈተውና ልይልዎት ስላት «አይከፈትም» አለች። የጭነቱን ሸራ ሐይቅ ውስጥ ነከርኩና እንዲያቀዘቅዘው ሳጥኑ ላይ አለበስነው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

«አንተም ታመሃል አይደል?»

«የለም፣ ቤንዚኑ ሸቶኝ ነው» አልኩ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አለች። «ይህን የምልህ እንደ ነርስ ነው። አንተ ብትታመም ግድ የለኝም። ሳትነግረኝ ብትታመም ግን ሦስታችንም እዚህ እንቀራለን፤ ልጆቹም እዚያ ይቀራሉ።»

ከተናገርኩ ሥራው እንደሚቀርብኝ አውቃለሁ። ሐይቅ ላይ የሚያመውን ሰው ማን የጀልባ ነጂ ያደርገዋል? ወሬው ጂንካ ሲደርስ ሾፌሮቹ የሚስቁት ሳቅ ከወዲሁ ተሰማኝ። በመጨረሻ ግን ዓይኔ እርጥቡ ሸራ ላይ አረፈና ተናገርኩ። «አሞኛል። ከነሪ በቀር ውሃ አላውቅም» አልኳት። ጋሽ ሎኮሮ ነሪን ስለማያውቁት ምን ያህል እንደሚጠልቅ ጠየቁኝ። ጉልበቴን አሳየኋቸው። ሦስታችንም ሳቅን።

ቀኑን ደንገሉ ውስጥ ዋልን፤ ሸራው በደረቀ ቁጥር እንነክረዋለን። ጋሽ ሎኮሮ ቅላቸውን አዞሩልን። ባዶ ሆድ ሐይቅ ላይ ከሙሉ ሆድ ይብሳል አሉ። ማሽላዋን ጥቂት ጥቂት እያልን ቆረጠምን፤ እውነትም ሆዳችን ረጋ። ጭነቱን እንደገና ፈታሁት። ጀሪካኖቹን ወደ መሐል አመጣሁ፣ ሳጥኑን ወለሉ ላይ አስቀምጬ በመካከላቸው ሸጎጥኩት። ለአስቴርም የሞተሩን እጀታ አሳየኋት። ወደ ግራ ሲገፋ ጀልባዋ ወደ ቀኝ እንደምትሄድ፣ ማዕበል ሲመጣ ጎን ሳይሆን አፍንጫ እንደሚሰጥ፣ ነዳጅ እንዴት እንደሚቀነስ። ሲያመኝ «ያዢ» እላታለሁ፣ እሷም ትይዛለች፤ የተስማማነው ይህን ነው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እርስዎ ማለቱ ቀርቶ አንቺ አልኳት።

ወደ አመሻሹ ከሩቁ ዳርቻ ላይ አቧራ ተነሳ። ከብቶቹ ጠጥተው እየተመለሱ ነበር። ጋሽ ሎኮሮ ተነሱና «እንሂድ» አሉ። ነፋሱ ላልቷል፤ ማዕበሉ ባይጠፋም ትከሻው ወርዷል። ሽማግሌው ፊት ተቀምጠው በክንዳቸው መንገድ ያሳዩኛል። መሐል ሐይቅ ላይ አንዴ «ያዢ» አልኩ። አስቴር ፊቷ እንደ አመድ ገርጥቶ እጀታውን በሁለት እጇ ጨበጠች፤ ጀልባዋ አልዞረችም። ያን ያህል ደስ ብሎኝ አስመልሼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ኩፍኙ ቀድሞን ነበር። ከጎጆዎቹ ጀርባ አዲስ አፈር አየን፤ የማን እንደሆነ አልጠየቅንም። ሳጥኑ ሲከፈት ከበረዶው ግማሹ ውሃ ሆኗል፣ ግማሹ አለ። አስቴር እጇን አስገብታ ዳሰሰችና ዓይኗን ጨፈነች። በዚያው ምሽት ብርሃን እስካለ፣ የቀሩትን ደግሞ በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ከተበች። እኔ ልጆቹን አሰልፋለሁ፣ ጋሽ ሎኮሮ እናቶቹን በቋንቋቸው ያግባባሉ። አንድም ልጅ ሳይከተብ አልቀረም። የተመለስነው በማለዳ አይደለም፤ ከብቶቹን ጠብቀን ነው።

አስቴር ሪፖርቷ ላይ የእኔን ሕመም አልጻፈችም። እኔ ግን አቶ ደምሴ ለቁጥጥር ሲመጡ ራሴ ነገርኳቸው። በማለዳ በመነሳት ስለመሳሳቴ፣ ስለጭነቱ፣ ስለማስመለሴም ምንም አላስቀረሁም። መነጽራቸውን አውልቀው ረጅም ጊዜ ጠረጉ። ከዚያ የሙከራ ጊዜዬን በሦስት ወር አራዘሙት። ተከፋሁ፤ ቅጣቱ ግን አግባብ ነበር። ሊሄዱ መኪናቸው ውስጥ ገብተው በመስኮት «ይህን ሁሉ ዓመት ስነዳ እኔንም የኮንሶ ጠመዝማዛ መንገድ ያዞረኛል። ለረዳቴ ብቻ ነው የነገርኩት» አሉኝ። ሦስት ወሩ ሲያልቅ ቋሚነቴ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ እዚያ ውሃ ላይ ሠራሁ። ሕዝብ ቆጣሪ ጭኛለሁ፣ ዳኛ ጭኛለሁ፣ ምጥ የያዛት ሴት ጭኛለሁ። አንድም ቀን ለአንድ ተሳፋሪ እጀታውን ሳላሳይ ሐይቅ አልገባሁም። አንዳንዱ ይደነግጣል፣ አንዳንዱ ይስቃል፤ ሁሉም ግን ይማራል። ጋሽ ሎኮሮ በተከበረ ሽምግልና አረፉ። ቅላቸውን ልጃቸው ሰጠኝ፤ ጂንካ ቤቴ ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች። ወንዙም እንደ ድሮው በየዓመቱ ሞልቶ አይወጣም ይላሉ፤ እኔም ከወረድኩ ቆይቻለሁ። ያ ቡናማ ውሃ ወደ አረንጓዴው የሚገባበት ቦታ ይናፍቀኛል፤ ሆዴን የሚያናውጠኝ እሱው ሆኖ ሳለ።

አስቴርም ጡረታ ወጥታለች። ባለፈው ጂንካ ገበያ ተገናኘን። ባጃጅ ውስጥ አብረን ስንገባ ባለ ባጃጁ ጉድጓድ ላይ ዘለለና ወዘወዘን። እሷ ክንዴን ያዘችና «ልያዝልህ?» አለችኝ። ባለ ባጃጁ ምን እንዳሳቀን አልገባውም።

አሁን ኦሞራቴ ያሉት አዲስ ኦፕሬተሮች ስልክ እየደወሉ ምክር ይጠይቁኛል። አንዱ በቅርቡ ለሐይቁ ሕመም የሚሆን ኪኒን ካለ ጠየቀኝ፤ ጤና ጣቢያ ሄደህ ጠይቅ አልኩት። እርስዎን በስንተኛው ዓመት ለቀቀዎት አለኝ። አልለቀቀኝም አልኩት።

ስለዚህ የማውቀውን ነገርኩት። ትንሽ በልተህ ተነሳ፣ ከባዱን መሐል ጫን፣ ሐይቁን ከብት ከውሃ ሲመለስ ተሻገር። ሲያምህ ደግሞ ለአጠገብህ ሰው ንገር፤ ገና ሳትነሳ እጀታውን አሳየው።