ከጉድጓድ የሚጣራ

ልጆች ሳለን እናታችን የከለከለችን ነገር ብዙ ነው። ከሁሉ ያልተረሳኝ ግን ቀትር ላይ ያላያችሁት ሰው ሲጠራችሁ አቤት እንዳትሉ የሚለው ነው። የቀትር ጋኔን የሰው ድምፅ ያውቃል ትለን ነበር። አሁን የምሠራው ከቤቴል ወረድ ብሎ ባለ አንድ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያ ነው፤ የአንድ ኮንዶሚኒየም ቆሻሻ ውሃ ተጣርቶ ወደ ወንዝ የሚለቀቅበት። ሥራህ ምንድን ነው ለሚለኝ ሰው "ውሃ አካባቢ" ብዬ አልፋለሁ።

ባለፈው በጋ መስመሩ ተደፈነ። እኔና የሥራ ጓደኛዬ ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለውን የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ማንሆሉን፣ ከፍተን አየር እስኪገባው ጠበቅን። የዘጋው ጨርቅ ነበር። ሰው መጸዳጃ ቤት ውስጥ የማይጥለው ነገር የለም፤ ሳስበው አሁንም እናደዳለሁ። ጓደኛዬ ረጅሙን ዘንግ ሊያመጣ ወደ ማጣሪያው ሄደ። እኔ መጠበቅ አይሆንልኝም፣ ወረድኩ። ልወጣ ስል የዛገው መወጣጫ ብረት እግሬ ሥር ተነቅሎ ወደቀ።

ውሃው እስከ ጉልበቴ ነው። ስልኬ እላይ ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ቀርቷል። የቀትሩ ሰማይ ከታች ሲታይ ሰፌድ ያክላል። በቧንቧው በኩል የሕንፃው ኑሮ ይሰማል፤ የሚንቆረቆር ውሃ፣ የሚዘጋ በር፣ ከየት እንደሚመጣ የማይታወቅ የሴት ሳቅ። ጭንቅላቴ መክበድ ሲጀምር የፍሳሹ ጋዝ እንደሆነ ገባኝ። ቶሎ ካልወጣሁ እዚያው መቅረቴ ነው። ፈራሁ።

የእግር ኮቴ ሰማሁ። "ሰው የለም? እባካችሁ!" ብዬ ተጣራሁ። ድምፄ ቧንቧው ውስጥ ዞሮ ሲመለስ የኔ አይመስልም። ኮቴው ቆመ።

"በስመ አብ" አሉ አንዲት አሮጊት።

"እማማ፣ ሰው ነኝ!"

ይህ ጭራሽ ሳያስፈራቸው አልቀረም፤ ሰው የሆነ ሰው መቼ ሰው ነኝ ብሎ ይጣራል? ኮቴው መራቅ ጀመረ። እናቴም ብትሆን ይህንኑ ነበር የምታደርገው። ጋኔን ጸሎት አፉ አይደፍርም ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝና አቡነ ዘበሰማያት ጀመርኩ። መሃሉ ላይ ጠፋኝ። ከላይ የአሮጊቷ ድምፅ ቀስ ብሎ የቀረውን ሞላልኝ።

ከዚያ ጮኸው ሰው ጠሩ። ጓደኛዬ መሰላል ይዞ እየሮጠ መጥቶ አወጣኝ። ሴትየዋ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ቆመዋል።

"ይቅር በለኝ ልጄ" አሉኝ። "ትናንትም በዚሁ ሰዓት ከዚሁ ጉድጓድ ተጠራሁ። አቤት ብዬ ብጠጋ ክዳኑ ዝግ ነው። ለዚያ ነው ዛሬ የሸሸሁት።"

ትናንት ማንም አልከፈተውም። ዛሬ ጠዋት እኛው ነን የከፈትነው፣ ያውም በዲጂኖ ፈልቅቀን። ጓደኛዬ ጉድጓዱን ሊዘጋ ክዳኑን መግፋት ጀመረ። እጁን ያዝኩት። እታች ሆኖ ተጣርቶ መልስ ማጣት ምን እንደሆነ አሁን አውቀዋለሁ። ጎንበስ አልኩና፣ እናቴ ይቅር ትበለኝ፣ ወደ ጨለማው "አቤት" አልኩ።