ጉጧ ቀዳዳዋን እስክታገኝ

የጋሽ ዘይኑልአቢዲን ችግር ለሰው ሲነግሩት የሚያስቅ፣ ሲሞክሩት ግን እንባ የሚያመጣ ነበር፤ ግራ እጃቸው ላይ የሚደረገውን ባለ ላስቲክ ሰዓት በቀኝ እጃቸው ብቻ ማሰር።

«ሰዓት እኮ ድሮም በአንድ እጅ ነው የሚታሰረው» የሚል ሰው አይጠፋም። እሳቸውም መጀመሪያ ያሉት ይህንኑ ነው። ነገሩን ቀረብ ብሎ ላየው ግን ሌላ ነው። ሰዓት የሚታሰርበት እጅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። አንጓውን ያዞራል፣ ሰዓቱ ሲንሸራተት ከፍ ይላል፣ ሲቸግር ሆድ ላይ ይደገፋል። ባለቤቱ ሳያውቀው እያገዘ ነው። ጋሽ ዘይኑ ይህን እገዛ ያወቁት ከቀረ በኋላ ነው።

ዕድሜያቸውን ሙሉ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ሲነዱ ኖረው ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፤ ምላሳቸውም ተመለሰ። ግራ እጃቸው ግን ከትከሻቸው ላይ እንደተንጠለጠለ የሰው ዕቃ ሆኖ ቀረ። ከዚያ አንድ ቀን ሆጤ ሰፈር ውስጥ ዘመድ ጠይቀው ሲመለሱ ጠባብ መንገድ ላይ ወደቁ። ስልካቸው ኪሳቸው ውስጥ ይጮሃል፤ የተኙበት ደግሞ ደህናው እጃቸው ነው። ሰው እስኪያገኛቸው ድረስ ጥሪውን እየሰሙ ተጋድመው ቆዩ።

ሰዓቱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጅዳ የምትሠራው ትልቋ ልጃቸው ዊዳድ ለመንገደኛ ሰጥታ ላከችው። ያሰረው ሰው ወድቆ ካልተነሣ ሰዓቱ ራሱ ለቤተሰብ ይደውላል። የልብ ምቱንም እንደ መስመር አድርጎ ቧንቧ ውሃ ሰፈር አብራቸው በምትኖረው በትንሿ ልጃቸው በፊርደውስ ስልክ ላይ ያሳያል። ፊርደውስ ፒያሳ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። ሰዓቱን ባየች ቀን ሕግ አወጣች።

«ሰዓቱ እጅዎ ላይ ካለ እንደፈለጉ ይውጡ። ከሌለ ከግቢው በር አያልፉም። ወላሂ አባ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ልቤ ተሰቅሎ መዋል አልችልም።»

«ድሮ እስረኛ በብረት ነበር የሚታሰረው። እኔን በላስቲክ አደረጋችሁት?»

«ላስቲክ ይሻላል፤ አይዝግም» አለችና አሰረችላቸው።

ጠዋት ጠዋት እሷ ታስርላቸዋለች፤ እስከ ቀትር ነጻ ናቸው። ቀትር ላይ ግን ዙሁር ይደርሳል። ለሶላት ውዱእ ያስፈልጋል፤ በውዱእ ደግሞ ክንድ እስከ ክርን ይታጠባል፤ ውሃ ያልነካው ቦታ መቅረት የለበትም። ኢማሙን ጠይቀው ነበር። «ውሃው ከሥሩ ከገባ ማንቀሳቀስ ይበቃል» አሏቸው። የጋሽ ዘይኑ ክንድ ግን ሲሞቅ ያብጣል፤ ቀትር ላይ ላስቲኩ ሥጋቸው ውስጥ ይሰምጣል፤ ውሃ ቀርቶ አየርም አያልፍበት። ስለዚህ ያወልቁታል። ማውለቁ ቀላል ነው። ካወለቁት በኋላ ግን የሚያስርላቸው የለም፤ ፊርደውስ ከሥራ እስክትመለስ የግቢው በር ለእሳቸው ግድግዳ ነው።

መስኮቱ አጠገብ ይቀመጣሉ። ከአስፋልቱ የረዳቶቹ ድምፅ ይመጣል። «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ! አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» ያ አንድ ሰው እሳቸው እንደሆኑ ይሰማቸዋል። መኪናው ግን ሌላ ሰው ጭኖ ይሄዳል።

ሌላ ዓይነት ማሰሪያ አይገዛም ወይ? ተፈልጎ ነበር። ፒያሳ ካሉት የስልክ ዕቃ ሱቆች የተገኙት ሁሉ ለዚህ ሰዓት አልገጥም አሉ። ዊዳድም «ሰው ሲመጣ እልካለሁ» ብላለች፤ ሰው እስካሁን አልመጣም።

እንግዲህ ይህችን ማሰሪያ ራሷን ማወቅ ግድ ሆነ። ደስ የምትል ነገር ናት! ሲሊኮን ከሚባል ለስላሳ ላስቲክ ነው የተሠራችው፤ ሁለት ቁራጭ ናት። አንደኛው ቀዳዳ የተደረደረበት ረጅም ምላስ ነው። ሁለተኛው አጠር ይላል፤ ጫፉ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የብረት ጉጥ፣ ከጉጧ ኋላ ደግሞ አንድ ስንጥቅ አለው። ምላሱን ጉጧ ላይ አምጥቶ ቀዳዳውን መጫን፣ የተረፈውን ጫፍ በስንጥቁ አሾልኮ በላስቲኩና በቆዳው መካከል መሸጎጥ፤ አለቀ። ለሁለት እጅ ሰው ከመተንፈስ አይከብድም።

ጋሽ ዘይኑ የጀመሩት በሚያውቁት መንገድ ነው፤ የሚኒባስ ፖርቶመጋላ ላይ ጭነት እንደሚታሰረው። ጭነት ሲታሰር ገመዱ መጀመሪያ ይወጠራል፤ ቋጠሮው ከዚያ በኋላ ነው። እሳቸውም ምላሱን ወጥረው ጉጧን መፈለግ ያዙ። ሲሊኮን ግን ገመድ አይደለም። ሲወጥሩት ይለጠጣል፣ ቀዳዳው ይጠብባል፤ ጣት ለአፍታ ሲላላ ደግሞ ተስፈንጥሮ ይመለሳል። ሰዓቱም አብሮ ተሽከርክሮ ከክንዳቸው በታች ይገባል። «ያ ረቢ፣ ሲኖትራክ ጎትቼ አውቃለሁ!» ይላሉ ለብቻቸው። በጥርሳቸው ሞከሩ፤ ጥርሳቸው የላስቲኩን ዳር አቆሰለው። ፊርደውስ ማታ አየችው፤ የቆሰለውን ዳር በጣቷ ዳበሰችው።

መላው የመጣው ከኮምቦልቻ ነው። ሞላልኝ የዱሮ ወዳጃቸው ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ጎሚስታ ነው፤ ጎማ ይነቅላል፣ ጎማ ይለጥፋል። ሊጠይቃቸው ሽቅብ ወደ ደሴ መጣ።

«ዘይኑ፣ አንተ ሰውዬ፣ የሐረጎን ቁልቁለት በጉም ስትወርድ አይቼሃለሁ። በዚች ላስቲክ ነው የተሸነፍከው?»

«ሐረጎ ላይ ሁለት እጅ ነበረኝ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ጋሽ ዘይኑ ውዱእ አድርገው መጡ። ክንዳቸውንም ማሰሪያውንም በፎጣ አደረቁ፤ ምላሱን ያዙና መጎተት ጀመሩ።

«ቆይ! ቆይ በማርያም! ለምንድን ነው የምታደርቀው?»

«ፊርደውስ ናት። በእርጥቡ ከታሰረ ቆዳ ይቆጣል ትላለች።»

«እውነቷን ነው፤ እሱን ካሰርከው በኋላ ታደርቀዋለህ። ጎማ ቸርኬ ላይ ደርቆ ሲገባ የት አየህ? የሳሙና ውሃ ካላቀመስከው ይነክስሃል። ስንት ዘመን ደጄ ቆመህ ስታይ ኖረህ የለም? ደግሞ አትጎትተው! መጀመሪያ ከንፈሩን ታስገባለህ፤ ሌላው ዙሪያውን ተከትሎ ይገባል።»

«አጃኢብ!» አሉ ጋሽ ዘይኑ። ለውዱእ የሚፈልጉት ውሃ ሰዓቱን ያስወልቃቸው ነበር፤ ያው ውሃ ያስርላቸው ኖሯል።

ከዚያ በኋላ ዘዴውን በየቀኑ አስተካከሉት። የመስኮቱ ደፍ ሰፊ ሲሚንቶ ነው፤ ቁመቱም ተቀምጠው ልክ ለክርናቸው ነው። ፎጣ ያጥፉና ሰዓቱን በፊቱ ደፍተው ያስቀምጡታል፤ ሁለቱ ማሰሪያዎች ግራና ቀኝ ይዘረጋሉ። ግራ ክንዳቸውን በቀኝ እጃቸው አንሥተው፣ መዳፉን ወደ ላይ አድርገው ሰዓቱ ላይ ያስተኙታል። ይህ ነው የሥራው ውበት! እንደ ድንጋይ የከበደው እጅ አሁን ክብደቱ ጠቀመ፤ ሰዓቱን ተጭኖ እንዳይሽከረከር ይይዘዋል። ከዚያ ጉጧ ያለችበትን አጭሩን ማሰሪያ በአውራ ጣት ክንድ ላይ ያጥፋሉ፤ እርጥቡን ምላስ በሌሎቹ ጣቶች ያመጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ያለውን፣ ከሁሉ የሚላላውን ቀዳዳ ጉጧ ላይ ይጫናሉ። ጠቅ ትላለች። የተረፈው ጫፍ በስንጥቁ እንደ ዓሣ ይሾልካል። ሰዓቱ አንዴ ክንድ ላይ ከተያዘ ወዲህ ቀዳዳ እየቀየሩ ማጥበቅ ይቻላል።

ፊርደውስ ወሬውን አልተቀበለችም። «ፊቴ ይሥሩት» አለች። ፊቷ አሰሩት። ዐይኗን እንባ ሞላው፤ ሳቀችም። «በቃ፣ ነገ ኮምቦልቻ ይውረዱ» አለች።

ወረዱ። ከሾፌሩ አጠገብ ተቀምጠው፣ ጢጣን አልፈው፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ሁሉ የሌለ ፍሬን በእግራቸው እየረገጡ ወረዱ። ኮምቦልቻ ሙቀቷ ተቀበላቸው፤ ክንዳቸው አበጠ። ዙሁር ሲደርስ ሞላልኝ ሱቅ አጠገብ ወዳለው መስጊድ ገብተው ሰዓቱን አወለቁ፣ ታጠቡ። ከሶላት በኋላ መታጠቢያው ላይ ተቀመጡ። ቧንቧ አለ፤ ውሃ አለ። ደፍ ግን የለም። መቀመጫው ከጉልበት በታች ነው፤ ግድግዳው ልሙጥ ነው። ክንዳቸውን የሚያስተኙበት አጡ። ሰዓቱ ከጉልበታቸው እየተንሸራተተ ወደቀ፤ አነሡት፤ ወደቀ። ስልካቸው ጮኸ።

«አባ፣ መስመሩ ከቆመ ቆየ። ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ ልጄ፤ ሰግጄ እያሰርኩ ነው።»

አልታሰረም። ወደ ሞላልኝ ሱቅ ሄዱ፤ ሞላልኝ በግሪስ እጁ አሰረላቸው። ስልኩ እንደገና ጮኸ።

«አሁን መጣልኝ። ማን አሰረልዎት?»

ገና ከሶላት የወጣ ምላስ ዋሽቶ ምን ሊባል ነው? «ሞላልኝ» አሉ።

«ሞላልኝ ባይኖርስ?» አለች ፊርደውስ።

ማታ ቤት ውስጥ የተናገረችው ጥቂት ነው። «አባ፣ መስኮቱን ተሸክመው አይሄዱም። እዚህ ታጥበው፣ እዚህ አስረው እስከ ሰፈር መስጊድ ይሂዱ። የትም ሆነው ማሰር የቻሉ ቀን ኮምቦልቻም ይውረዱ፣ ሐርቡም ይዝለቁ።»

ሊከራከሯት አፋቸውን ከፈቱ፤ የወደቁባት ጠባብ መንገድ ታወሰቻቸውና ዘጉት። ፊት እስረኝነታቸው ለግቢው በር ነበር፤ አሁን ለመስኮቱ ደፍ ሆነ። ሰንሰለቱ ረዘመ እንጂ አልተፈታም።

አሁን መስኮቱን ጀርባ ሰጥተውታል። ኮምቦልቻ መስጊድ ያለው መቀመጫ ያህል ዝቅ ያለች ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ ክንዳቸው ከውዱእ እንደወጣ እርጥብ ነው። ጭን ክብ ነው፤ ሰዓት አይዝም፤ ችግሩ ይህ ነው። ስለዚህ ጭንና ጭናቸውን ገጥመው፣ በመካከሉ ሻሻቸውን ጠቅጥቀው ቦይ ሠሩ። ሰዓቱን ቦዩ ውስጥ ደፉት። ክንዳቸውን አንሥተው አስተኙበት። ተንሸራተተ። ጉልበታቸውን ይበልጥ ገጠሙ፤ እንደገና አስተኙት። ያዘ። አጭሩን ማሰሪያ አጠፉ። ጉልበታቸው ላላ ካለ ሰዓቱ ይሾልካል።

ውጭ፣ «ኮምቦልቻ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ።

«ጠብቅ አቦ» ይላሉ ጋሽ ዘይኑ በለሆሳስ፤ ትንፋሻቸውን ይዘው፣ «ቢስሚላህ» ብለው፣ የመጨረሻዋን ቀዳዳ በአውራ ጣታቸው ወደ ጉጧ እየገፉ ነው።