የመኪና ማቆሚያው ሽማግሌዎች ሰላም ሲያወርዱ

በስደት ባለንባት ኧርቪንግ ከተማ በኩል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ተሳፋሪ የምንጠብቅበት ማቆሚያ ውስጥ የማይፈታ የዓለም ችግር የለም። ሾፌሩ ሁሉ ዲፕሎማት ነው። ያን ሰሞን የአውሮፓው ጦርነት ሊያበቃ ነው ተብሎ፣ በየስልካችን ላይ ከረባት ያሰሩ ሰዎች ከአንዱ ቤተ መንግሥት ወጥተው ወደ ሌላው ይገባሉ፣ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ። አገሩ የሚቆረስበት ሕዝብ ግን ደጅ ይጠናል። ይህንንም "ታሪካዊ ቀን" ይሉታል።

የእኛዎቹ ደግሞ ባሱ። አንዱ የመኪናው ኮፈን ላይ በጣቱ ድንበር እያሰመረ፣ "ሶ፣ ይቺን ሰጥተው ዲሉን ሳይን ቢያደርጉ ምን ይጎዳሉ? ማለቴ፣ መሬት ነው እኮ" አለ። ይሄ ሰውዬ ዩለስ ከተማ ያለ ጎረቤቱ አጥሩን በስንዝር ገፋብኝ ብሎ የከሰሰ ነው! በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይሄ ነው።

አብራን የምትሠራ አንዲት ዩክሬናዊት ነበረች። የእናቷ ከተማ ለጠላት ትሰጥ ከተባሉት አንዷ መሆኗን ስንሰማ አዘንን። ስናዝን ደግሞ የምናውቀው ሽምግልና ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስንቱን ባልና ሚስት ያስታረቁ አንድ አባት ከፊት ሆነው፣ መኪናዋ አጠገብ ሄደን ተደረደርን።

"እንዲህ በላት" አሉኝ። "ልጄ፣ የተበደልሽው አንቺ ነሽ። ግን ለእኛ ስትይ ተይው፣ ሰላም ይውረድ።"

ፊርማው በእሷ እጅ ያለ ይመስል! የእኛ ሽምግልና ሁልጊዜ የሚለምነው የተበደለውን ነው፤ በዳዩ የት ይገኛል? እኔም አፍሬ ዝም እንደማለት፣ አንድ ቃል ሳላስቀር በእንግሊዝኛ ተረጎምኩላት።

እስክንጨርስ ሰማችን። ከዚያ "እናቴ ሰማንያ ዓመቷ ነው። ከቤቴ አልወጣም ብላ እዚያው ናት። ለእሷ እናንተው ንገሯት" አለችና በቪዲዮ ደውላ ስልኩን ሽማግሌያችን እጅ ላይ አስቀመጠችው።

ሻሽ ያሰሩ አሮጊት ወጥ ቤታቸው ውስጥ ድንች ሲልጡ ታዩ። እንግዳ ሰው ሲያዩ ቢላዋውን አስቀምጠው ፈገግ አሉ።

ሽማግሌያችን ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔና ልጅቷ ተቀባብለን ልንተረጉም አጠገባቸው ቆምን።

"እንደምን ዋሉ፣ እናቴ?" አሉ በአማርኛ። ደግመውም፣ "እንደምን ዋሉ?"

የሰላሙን ምክር ሳይነግሯቸው፣ ስልኩን ለልጅቷ መለሱላት።